ከዴንቨር የሚመጣው ዕቃና ከሰኞ ገበያ የሚገዛው፦ ለአንድ የደሴ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ደሴ ውስጥ የአንድ የእግር ጉዞ ቡድን አስተባባሪ ናቸው፤ ቡድኑ ቅዳሜ ቅዳሜ የጦሳን ተራራ ይወጣል፣ አንዳንዴም እስከ ሐይቅና እስከ የጎፍ ደን ድረስ ይዘልቃል፤ ዘንድሮ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ በጉጉፍቱ በኩል ባለው ደጋ ሁለት ሌሊት ለማደር አስቧል። ዴንቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ለበዓሉ ስለሚመጣ፣ «ጫማውንም፣ ድንኳኑንም፣ የመኝታውንም ከዚህ ካሉት ትልልቅ የስፖርት ዕቃ መደብሮች ገዝቼ ልምጣ» ብሏቸዋል። የቡድኑ አባላት በበኩላቸው «እዚሁ ከፒያሳና ከሰኞ ገበያ ብንገዛ ይረክሳል፣ ገንዘቡም ከተማችን ውስጥ ይቀራል» ይላሉ። ጠያቂያችን የትኛው እንደሚያዋጣ ለመወሰን ተቸግረዋል።

በወሎ ተራሮች መንገደኞችን በመምራትና የቡድን ዕቃ በመግዛት፣ በመጠገንና በማከራየት ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየሁ፣ ጥያቄው በተለያየ መልኩ ደጋግሞ ደርሶኛል። ምላሼ ከመደብሩ ይልቅ ዕቃውን የሚከተል ነው። አንዳንድ ዕቃ ጥራቱ በቁጥር ተለክቶ በላዩ ላይ ስለሚጻፍ፣ ቁጥሩን ማንበብ የሚችል ሰው ባሕር ማዶ ሆኖም ሊገዛልዎ ይችላል። አንዳንዱ ጥሩ የሚሆነው ከእርስዎ አካል ጋር ከተስማማ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ በየጉዞው የሚያልቅ ወይም የሚበላሽ በመሆኑ፣ ምትኩም ሆነ ጠጋኙ እዚሁ ካልተገኘ ከአንድ ጉዞ በላይ አያገለግልም። የመጀመሪያው ወገን ከዴንቨር ቢመጣ፣ የመጨረሻው ከደሴ ቢገዛ ይሻላል፤ የመካከለኛው፣ በተለይም የጫማ ነገር፣ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አስቀድሜ ግን ወንድምዎ ከሚኖርበት አገር ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ላንሣ። አሜሪካውያን «ከትልቁ ይገዛ ወይስ ከሰፈሩ ሱቅ?» ብለው ሲከራከሩ፣ የሰፈሩ ሱቅ ባለቤት ራሱ ተራራ የሚወጣ ወይም ዓሣ የሚያጠምድ፣ የደንበኛውን እግር ለክቶ ጫማ የሚመርጥ፣ የአካባቢውን መንገድና የአየር ጠባይ የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ገምተው ነው። ክርክሩም በዋናነት የትልቁን መደብር ዋጋ ከትንሹ ሱቅ ዕውቀት ጋር የሚያመዛዝን ነው። ይህ ግምት ደሴ ላይ አይሠራም። የእኛ የስፖርት ዕቃ ሱቆች የሚተዳደሩት በማሊያ፣ በኳስ፣ በቱታ፣ በዋንጫና በፊሽካ ነው፤ ደንበኞቻቸውም ትምህርት ቤቶች፣ የቀበሌ ቡድኖችና በየመሥሪያ ቤቱ ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፉ በኋላ እንደገና ሲከፈቱ፣ ባለቤቶቹ መደርደሪያቸውን ቶሎ በሚሸጠው ዕቃ መሙላታቸው የሚጠበቅ ነበር። ስለዚህ ባለሱቁ ስለ ተራራ ጫማ ሶል ሊያስረዳዎ ባይችል አይፈረድበትም። በእኛ ከተማ ዕውቀቱን የሚያገኙት ከባለሱቁ ይልቅ ከጫማ ሰፊውና ከልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ትልልቆቹ መደብሮችም ቢሆኑ አንድ ወጥ አይደሉም፤ ወንድምዎም «ትልቅ መደብር» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት። ዲክስ ስፖርቲንግ ጉድስ እ.ኤ.አ. በ1948 በኒውዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ከሚሸጥባት አንዲት ትንሽ ሱቅ ተነሥቶ፣ ዛሬ ከኳስ እስከ ሩጫ ጫማ ሁሉንም የሚይዝ አጠቃላይ የስፖርት መደብር ሆኗል። ባስ ፕሮ ሾፕስ እ.ኤ.አ. በ1972 በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በመሥራቹ አባት የመጠጥ መሸጫ ሱቅ አንድ ጥግ ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፎካካሪውን ካቤላስን ጠቅልሎ ገዝቷል፤ ሁለቱም ዋና ሥራቸው አደንና ዓሣ ማጥመድ ነው። ለእርስዎ ዓይነቱ ጉዞ የሚቀርበው አርኢአይ ነው። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ1938 በሲያትል ተራራ ወጪዎች ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማግኘት ተሰብስበው ያቋቋሙት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ እኛ በየቀበሌው ስኳርና ዘይት ከምንወስድበት ማኅበር ጋር በአደረጃጀቱ የአንድ ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል። የዕድሜ ልክ አባልነቱ 30 ዶላር ነው። የዴንቨሩ ቅርንጫፍ በ1901 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ የትራም ባቡር ኃይል ለማመንጨት በተሠራ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ወንድምዎ ባይገዛበት እንኳ ገብቶ ቢያየው አይቆጭም። አውሮፓ ዘመድ ያላቸው የቡድኑ አባላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በሰሜን ፈረንሳይ በሊል አቅራቢያ የተመሠረተውን ዴካትሎንን ያገኛሉ፤ ዴካትሎን በአብዛኛው የሚሸጠው ራሱ የሚያሠራቸውን ምርቶች ስለሆነ ለጀማሪ ቡድን ዋጋው ይቀላል።

እነዚህ መደብሮች የሚረክሱባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ብዙ ስለሚያዙ ከአምራቹ በቅናሽ ይገዛሉ፤ በራሳቸው ስም የሚያሠሩት ዕቃ የመካከለኛ ነጋዴ ትርፍ አይጨመርበትም፤ ወቅቱ ያለፈበትን ዕቃ ደግሞ ቦታ ከሚይዝባቸው በግማሽ ዋጋም ቢሆን ያወጡታል። ሆኖም ከዋጋው እኩል የምመለከተው የመመለሻ መብታቸውን ነው። አርኢአይ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ዕቃን ያለ ጊዜ ገደብ ይመልስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለአባል አንድ ዓመት፣ አባል ላልሆነ 90 ቀን አድርጎታል። አንድ ዴንቨራዊ ጫማ ገዝቶ፣ ሁለት ሳምንት ተራምዶበት፣ ጣቱን ካሳመመው ይመልሰዋል። እርስዎ ግን ጦሳ ላይ ጫማው ቢያሳምምዎ መደብሩ ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ከከፈሉት ዋጋ ውስጥ አንዱ ክፍል የተከፈለው ለዚህ መብት ሆኖ ሳለ፣ መብቱ ከዕቃው ጋር ቦሌ አይደርስም። ከዚህ የተነሣ አንድን ዕቃ ከባሕር ማዶ ከማስመጣቴ በፊት የምጠይቀው፣ ዕቃው ባይሆነኝ ምን አደርገዋለሁ የሚለውን ነው።

ወደ ጫማው ልግባ፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚጠፋበትና ጉዞ የሚበላሽበት እርሱ ነውና።

በደሴና በኮምቦልቻ ለተራራ ተብሎ የሚገዛው ጫማ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የታወቀ ስም የተለጠፈበት አዲስ ማስመሰያ ነው። ይህ ጫማ በደረቅ መንገድ ለአንድ ቀን ጉዞ መጥፎ አይደለም፤ ድክመቱ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ መሆኑ ነው፤ ጭቃና ውኃ ሲደጋገምበት ከጣት በኩል መላቀቅ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ከገዙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመውጣትዎ በፊት ለጫማ ሰፊ ሰጥተው ሶሉን ዙሪያውን ያሰፉት። ውኃ የማያስገባ ገበር ያለውን ውድ ጫማ ግን እንዲህ አያሰፉት፤ የመርፌው ቀዳዳ ገበሩን ካገኘው ውኃ ማስገባት ይጀምራል።

ሁለተኛው ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚሸጠው ሴፍቲ ጫማ ነው። ጠንካራነቱን ዓይተው ብዙዎች ይመርጡታል። ጣት ላይ ያለው ብረት ግን ለሚወድቅ ዕቃ የተሠራ እንጂ ለቁልቁለት የተሠራ አይደለም፤ ከጦሳ ሲወርዱ ጣት ወደ ፊት እየተገፋ ብረቱን ይመታል፤ በደጋ ሌሊትም ብረቱ ቅዝቃዜ ይይዛል። ለዳገቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከለከልኩም።

ሦስተኛው ሰልባጅ ነው። ልባሽ ልብስና ጫማ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ገበያው ላይ መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ብዙ ተራራ ወዳጆችም «ኦርጅናል» የሚሉትን ቡትስ የሚያገኙት ከዚያ ነው። እዚህ ላይ የሻጩ ቅንነት የማያድነው አንድ የኬሚስትሪ ጉዳይ አለ። የብዙ ጥሩ የተራራ ጫማዎች መካከለኛ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ከሚባል ለስላሳ ነገር ነው። ፖሊዩሪቴን በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ጫማው ባይደረግም፣ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም ይፈርሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። ከተመረተ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሆነው ጫማ ቆዳው ያማረ፣ የታችኛው ጎማ ጥርሱ ያልተበላ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ግን መካከሉ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈርና ሶሉ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። ሰልባጅ ጫማ በመርከብ ኮንቴይነርና በቆላ ሙቀት አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ከቆዳው በፊት ሶሉን ይመርምሩ። ጫማውን በሁለት እጅዎ ይዘው አጥብቀው ያጥፉት፤ በመካከለኛው ሶል ጎን ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩ ይተዉት። በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ተመልሶ ካልነጠረ፣ ካጣበቀ ወይም ዱቄት ከለቀቀ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አይግዙት። ኢቪኤ ከሚባለው ቀለል ያለ ነገር የተሠራ ሶል በዚህ መንገድ አይፈርስም፤ እርሱ ችግሩ እየተረገጠ መሟሸሹና ምቾቱን ማጣቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ፣ ሁለት ሌሊት ለሚታደርበት የደጋ ጉዞ ጫማውን ወንድምዎ ቢያመጣ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ አድርጎ ከሆነ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ እግር አበጥ በሚልበት ጊዜ፣ ለጉዞ የሚያደርጉትን ወፍራም ካልሲ አጥልቀው፣ ወረቀት ላይ ሙሉ ክብደትዎን አሳርፈው ይቁሙ፤ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የሁለቱንም እግር ዙሪያ ይሳልልዎ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት፣ እንዲሁም የሰፊውን ቦታ ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክተው ይላኩለት፤ መነሻ የሚሆነው የትልቁ እግር ልክ ነው። «42 ቁጥር ነኝ» ማለት አይበቃም፤ የአሜሪካ ቁጥር ከእኛ ገበያ ቁጥር የተለየ ከመሆኑም በላይ፣ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ይለያል። ከዚያ ወንድምዎ በግማሽ ቁጥር የሚለያዩ ሁለት ጥንድ ጫማዎችን ገዝቶ ሁለቱንም ይዞ ይምጣ። ቤት ውስጥ ብቻ፣ በንጹሕ ወለልና በደረጃ ላይ፣ ሁለቱንም ይሞክሩ፤ ደረጃ ሲወርዱ ጣትዎ ጫፉን የማይነካበትን፣ ሲወጡም ተረከዝዎ የማይነሣበትን ያስቀሩ፤ ሌላውን ከደረሰኙና ከካርቶኑ ጋር ይዞት ይመለስና ለመደብሩ ያስረክብ። ቅድም ቦሌ አይደርስም ያልኩት መብት በዚህ መንገድ ብቻ ደሴ ድረስ ይመጣል። ለሁሉም የቡድኑ አባላት ይህን ማድረግ ስለማይቻል፣ በውስጣችሁ እግሩ ሰፊ የሆነ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው ካለ ቅድሚያውን ለእርሱ ስጡ፤ የቀረው ሰው በተሰፋ ስኒከርና በጥሩ ካልሲ ይወጣዋል።

የስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት፣ ነገር ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው፤ ምክንያቱም በቁጥር የሚገዛ ዕቃ ነው። አይኤስኦ 23537 በሚባለው መለኪያ የተፈተነ ስሊፒንግ ባግ ላይ የተለያዩ የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንደኛው ተመችቶ የሚተኛበት፣ ሁለተኛው ተኮራምቶም ቢሆን የሚታደርበት፣ ሦስተኛው ሕይወት ለማትረፍ ያህል ብቻ የሚያገለግል ነው። ሻጮች በዕቃው ስም ላይ በጉልህ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ስለሆነ፣ ወንድምዎ የመጀመሪያውን ፈልጎ ያንብብ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች፣ ከተማው ውስጥ 5 ዲግሪ በሆነ ሌሊት 3,500 ሜትር ላይ ያለ ሰፈር ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የጉጉፍቱን የጥር ውርጭ ለምታውቁ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በአሜሪካ መደብር «20 ዲግሪ» ተብሎ የሚሸጠው በፋራናይት ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ ከዜሮ በታች 7 ገደማ ይሆናል፤ ለእናንተ የሚስማማው እርሱ ነው። ከላባ ይልቅ በሰው ሠራሽ ጥጥ የተሞላውን ይምረጥ፤ የላባው ይቀላል፣ ነገር ግን ከረጠበ ሙቀቱን ያጣል፣ አጠባውም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞር የቡድን ዕቃ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከሥር የሚነጠፈውን ማት ነው። የስሊፒንግ ባጉ ጥጥ በሰውነት ክብደት ሲጨፈለቅ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ መሬቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይስባል። የማት ሙቀት መከላከያ «አር» በሚባል ቁጥር ይለካል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለእናንተ ይበቃል። ገንዘብ ካነሰ ግን ይህኛውን ከደሴ ማግኘት ይቻላል። ከስፖንጅ መሸጫ ቀጭን ስፖንጅ በልክ አስቆርጠው፣ እርጥበት እንዳይጠጣ በላስቲክ ቢጠቀልሉት፣ መሸከሙ ያስቸግራል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ከላይ ጋቢ፣ ካለም ከደጋው የበግ ጠጉር የተሠራ ባና ቢደረብ ከብዙ ውድ ዕቃ የተሻለ ሌሊት ያሳልፋል፤ የበግ ጠጉር ርሶም ቢሆን ያሞቃል፤ ክብደቱን የሚሸከም አህያ ወይም በቅሎ ካለ እኔ ራሴ የምመርጠው ባናውን ነው።

ድንኳን፣ የዝናብ ጃኬትና የግንባር ባትሪም ከዴንቨር ቢመጡ ያዋጣሉ። የድንኳን ጣራ ውኃ የመቋቋም ዐቅም በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ 1,500 እና ከዚያ በላይ ይበቃል። ከሁለት ድንኳን በላይ ግን አያሸክሙት፤ የቀረውን ከአስጎብኚ ድርጅቶች መከራየት ይሻላል። የግንባር ባትሪው በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ቢሆን መልካም ነው፤ ሆኖም ለሁለት ሌሊት የሚወጣ ቡድን ቢያንስ አንድ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መያዝ አለበት፤ ድንጋዩ በየገጠሩ ሱቅ ይገኛልና።

ከዴንቨር መምጣት የሌለባቸውን ደግሞ ላንሣ። በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራ ምድጃ በመደብሩ ውስጥ ሲታይ ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ ጋዙ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ በአውሮፕላን አይሄድም፤ ደሴ ላይም ምትኩ አይገኝም፤ ስለዚህ ምድጃው ብቻውን መጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በላምባ የሚሠራው የአገራችን ምድጃ ጢሳም ቢሆንም ነዳጁም ጠጋኙም አለው። ከሰል ይዘው ከሄዱ ግን ማንደጃውን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አያስገቡ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ብርዱን ሽሽት ድንኳኑን ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለውኃ ከፋርማሲ የሚገዛው ውኃ አጋር በቂ ነው፤ ወንድምዎ ማጣሪያ ካመጣ ደግሞ ሌሊት ከእናንተ ጋር ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር፤ ውስጡ ያለው ውኃ ከበረደው ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፤ መሰንጠቃቸውም በዓይን አይታይም።

ከአደን መደብሮች የሚመጣ ልብስ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። በባስ ፕሮና በካቤላስ መደርደሪያዎች ላይ ዝንጉርጉር የሆነ፣ የወታደር ልብስ የሚመስል ጃኬትና ሱሪ ሞልቷል፤ በዚያ አገር የአዳኝ ልብስ ነው፣ በቅናሽም ይሸጣል። እዚህ እርሱን ለብሶ በኬላ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ለደሴ ሰው አልነግርም፤ ቦርሳም ሆነ ባርኔጣ ቢሆን፣ ያ ቀለም ያለበት ነገር ሻንጣው ውስጥ አይግባ። ድሮንና የመገናኛ ራዲዮም ያለ ፈቃድ አይገቡም። ብዛትም ራሱ ጉዳይ ነው፤ ከነመለያቸው ያሉ ደርዘን ተመሳሳይ ዕቃዎች ለንግድ የመጡ ስለሚመስሉ ቀረጥ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቡድኑ አባላት ክርክር ልመለስ። «እዚህ ይረክሳል» የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ፒያሳ ላይ ያለው ጫማና ጃኬትም የገባው በውጭ ምንዛሪ ነውና። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ የዴንቨሩም የደሴውም ዕቃ አብሮ ተወድዷል። በዚህ ላይ የእኛው ዕቃ የአስመጪውን፣ የመርካቶውን ጅምላ ሻጭና 400 ኪሎ ሜትር የሚያጓጉዘውን መኪና ሁሉ ከፍሎ ነው የሚደርሰው። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የችርቻሮ ንግድ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተከለለ ስለነበር፣ ይህን መንገድ የሚያሳጥር ትልቅ የውጭ መደብር ሊመጣ አይችልም ነበር፤ አሁን ሕጉ ቢከፈትም በደሴ ደረጃ የተለወጠ ነገር አላየሁም።

«ገንዘቡ ከተማችን ውስጥ ይቀራል» የሚለው ግን ቁም ነገር አለው፤ ብቻ የት እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል። ማስመሰያ ጫማ ሲገዙ ደሴ የሚቀረው የባለሱቁ ትርፍ ብቻ ነው። ለጫማ ሰፊ፣ ለልብስ ሰፊና ለሸራ ሰፊ የሚከፍሉት ግን ከክርና ከጨርቁ ዋጋ በቀር እዚሁ ይቀራል። የጭነት መኪና መተላለፊያ በሆነችው ኮምቦልቻ የመኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፤ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥም በፋብሪካ መኪና ልብስ መስፋት የተማሩ ብዙ ወጣቶች አልፈዋል። የድንኳን ከሥር መንጠፊያ፣ ጭቃና እሾህ የሚከላከል የቅልጥም መሸፈኛ፣ የዕቃ መያዣ ከረጢት፣ የቡድኑ አንጸባራቂ ሰደርያ፦ ይህን ሁሉ በልካችሁ ያሰፉላችኋል። የጀርባ ቦርሳንም ቢሆን አዲስ ከማስመጣት ይልቅ፣ ከዚህ የተገዛውን ቦርሳ የትከሻ ማንጠልጠያ ስፌት በድርብ አሰፍቶ ወገብ ላይ ወፍራም ቀበቶ ማስጨመር ለሁለት ሌሊት ጉዞ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከባለሱቆቹ ጋር ስትገበያዩ በግል ሳይሆን በቡድን ሂዱ። አንድ ሰው አንድ የዝናብ ልብስ ሲጠይቅ ባለሱቁ ያለውን ይሰጣል፤ አሥራ ሁለት ሰው ቀለሙንና ልኩን ጽፎ ቀብድ ሲያስይዝ ግን ከመርካቶ ፈልጎ ያስመጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል፣ ያልሆነውን ለመቀየርም ይስማማል። ስምምነቱን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ያጽፉት። ካልሲ፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ገመድና ላስቲክ በዚህ መንገድ ከደሴ ይገዙ፤ ለእነዚህ ሻንጣ ማጣበብ አያስፈልግም። ገመዱ ድንኳንና ዕቃ ለማሰር ብቻ ይሁን፤ ሰው በገደል የሚንጠለጠልበት ገመድ ከየትኛውም አጠቃላይ ሱቅ አይገዛም።

ለወንድምዎ የሚልኩት መልእክት እንግዲህ አጭር ነው። የእግር ልክ የተሳለበትን ወረቀት ፎቶና የሴንቲ ሜትር ቁጥሮቹን፣ ስሊፒንግ ባግ በፋራናይት 20 ሆኖ የምቾት ቁጥሩ የተነበበ፣ ሁለት ድንኳን፣ የግንባር ባትሪዎች። ግዢውን ከመሳፈሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጨርስ ድንኳኑን ግቢው ውስጥ ተክሎ፣ ምሰሶዎቹ መሟላታቸውንና ዚፑ መሥራቱን አይቶ፣ ጉድለት ካለው እዚያው ይመልሰዋል። በዚፑ ተንሸራታች ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ዓይቶ ተመሳሳይ ተንሸራታች ሁለት ተጨማሪ ቢይዝ ደግሞ፣ አቧራና አሸዋ ድንኳን ላይ መጀመሪያ የሚያበላሹት እርሱን ስለሆነ፣ የደሴ ልብስ ሰፊ በደቂቃዎች ይቀይርላችኋል።